ትዕግሥትና ዝምታ፤ ስለ መከራ ዘመን የተጻፉ ድርሰቶች ሲመረመሩ

ትዕግሥት በሰው ሁሉ አፍ የምትመሰገን፣ በጥቂቶች ልብ ግን የምትገኝ ምግባር ናት። ሀገር በሰላም ሲኖር ስለ እርስዋ መስበክም ሆነ መጻፍ አያስቸግርም፤ ጎተራው የሞላለት ሰው ስለ ጾም ሲናገር አንደበቱ አይደክምምና። መከራ በደጅ የቆመ ዕለት ግን የሰባኪው ስብከትና የደራሲው ድርሰት ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን ይፈተናሉ። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ ለመመርመር የሚወድ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ይህ ሥነ ጽሑፍ ስለ ክፉ ቀን ምን አስተማረ፣ በእግዚአብሔር መታመንንስ እንዴት አድርጎ ሣለው ብሎ ነው።

በአማርኛ ንግግር «ታገሥ» የሚለው ቃል ለብዙ ጉዳይ ይውላል። በአልጋ ላይ ለወደቀ በሽተኛ ይነገራል፤ ልጁን ለቀበረ አባት ይነገራል፤ ርስቱን ለተቀማና ፍርድ ለዘገየበት ሰውም ይነገራል። ለመጀመሪያዎቹ ለሁለቱ ሲነገር መጽናኛ ነው፤ ለሦስተኛው ሲነገር ግን አንዳንድ ጊዜ መጽናኛነቱ ቀርቶ ለቀማኛው ጠበቃ ይሆናል። በአንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸፍኖአል ማለት ነው፤ ይኸውም አንደኛው እግዚአብሔርን ተስፋ አድርጎ በእውነት ላይ ጸንቶ መቆም ነው፤ ሁለተኛው ኃይለኛውን ፈርቶ አፍን ይዞ መቀመጥ ነው። ሁለቱ በሰም አንድ ይመስላሉ፤ በወርቅ ግን እጅግ ይራራቃሉ። መልካም ድርሰት እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያሳያል፤ የሚያደባልቃቸው ድርሰት ግን ቃሉ ምንም ያማረ ቢሆን አንባቢውን ይጎዳዋል።

የታጋሽነት ነገር በተነሣ ቍጥር በሰው አፍ የሚመጣው የጻድቁ የኢዮብ ስም ነው። ነገር ግን የኢዮብን ስም የሚጠራ ሁሉ መጽሐፉን እስከ ፍጻሜው አንብቦታል ለማለት ያስቸግራል። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ሀብቱንና ልጆቹን አጥቶ ፈጣሪውን ያመሰገነበትን መጀመሪያውንና፣ ሀብቱ እጥፍ ሆኖ የተመለሰለትን መጨረሻውን ነው። መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፍ አለው፤ በመካከሉ ያለው ረጅሙ ክፍል ኢዮብ የሚያለቅስበት፣ የተወለደበትን ቀን የሚረግምበት፣ ከፈጣሪው ጋራ የሚሟገትበት ነው። ጥፋትህን አምነህ ዝም በል የሚሉት ወዳጆቹ ናቸው። እግዚአብሔር ኢዮብን በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ገሥጾታል፤ ሆኖም ቍጣው የነደደው ስለ እርሱ ጠበቃ ሆነው በተናገሩት በወዳጆቹ ላይ ነው፤ ለእነርሱም መሥዋዕትና ጸሎት እንዲያቀርብ የታዘዘው ያው ሲሟገት የነበረው ኢዮብ ነው። እንግዲህ የኢዮብ ትዕግሥት አለመናገር አልነበረም፤ እየተናገረም፣ እያለቀሰም ከእግዚአብሔር ፊት አለመሸሽ ነበር።

የሠለስቱ ደቂቅም ነገር እንዲሁ ነው። እነርሱ ለእግዚአብሔር የታዘዙት ለንጉሡ ምስል አንሰግድም በማለት ነው። እሳቱን አላጠፉም፤ አልሸሹምም፤ ነገር ግን አልሰገዱም። ታዛዥነትና እምቢታ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። የኢትዮጵያ ደራስያን ስለ ክፉ ቀን የጻፉትን ሁሉ በዚህ ሚዛን መመዘን ይገባል።

ለዚህ ምርመራ ታሪክ ራሱ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ሩቅ ያልሆነ ምሳሌ ሰጥቶአል። ከሰላሌ ተነሥቶ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ የዛሬው መንገደኛ በመኪና በአጭር ጊዜ ያልፈዋል። በ1928 ዓ.ም. ክረምት ግን በዚያ አገር ያለፉት ከደጃዝማች አበራ ካሣ ጋራ የዘመቱት አርበኞች ነበሩ። ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ ሦስት ወር አልሞላም ነበር። አርበኞቹ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ ተነሥተው ከተማዪቱን ለማስለቀቅ ቢመክሩም ዝናሙ፣ የወንዙ ሙላትና የመላላክ ችግር አንድነታቸውን አፈረሰው፤ ሐምሌ 21 ቀን የተጀመረው ውጊያም ያሰቡትን ፍሬ አላፈራም። በደብረ ሊባኖስ ተቀምጠው የነበሩትና አርበኞቹን በቃለ እግዚአብሔር ያጸኑ የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ገቡ፤ በማግሥቱም ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ።

አቡነ ጴጥሮስ በልጅነት ስማቸው ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር፤ የተወለዱትም በሰላሌ ነው። በ1921 ዓ.ም. በግብፅ ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ለወራሪው መንግሥት እንዲገዙና አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እምቢ አሉ፤ እንዲያውም ሲነገር እንደ ኖረው ሕዝቡም ምድሪቱም ለወራሪው እንዳይገዙ ገዝተው ሞቱ። በሹመት ወንድማቸው የነበሩት አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። የሥነ ጽሑፍ መርማሪ ጥያቄ ግን ከዚህ ይጀምራል፤ የአማርኛ ድርሰት ይህን የመሰለውን ነገር ሲቀበል ምን አደረገው?

ከመከራው በፊት የነበረውን አስተሳሰብ ለማየት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «ወዳጄ ልቤ» መመልከት ይጠቅማል። መጽሐፉ በ1915 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ ነው። በዚህ ድርሰት ሰው ልቡን እንደ ወዳጅ ያነጋግረዋል፤ የዓለም ኑሮም እንደ ረጅም ጉዞ ሆኖ ይታያል። የእንግሊዛዊው የቡንያን የክርስቲያን ጉዞ ወደ አማርኛ ተመልሶ ቀድሞ ታትሞ ስለ ነበረ፣ ብዙ መርማሪዎች ሁለቱን ያስተያዩአቸዋል። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ብርታት መከራን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከሰው ጠባይ ውስጥም እንደሚነሣ ማሳየታቸው ነው፤ ትዕግሥት የሌለው ልብ በሰላም ቀንም ቢሆን ዕረፍት የለውምና። የመጽሐፉ ጉድለት ግን መከራው ስም የሌለው መሆኑ ነው። በምሳሌ የሚሄድ መንገደኛ በምሳሌ ይፈተናል፤ በምሳሌም ይድናል። አንባቢው ትምህርቱን ይቀበላል፤ ነገር ግን የማን እጅ እንደ መታው፣ የማንስ ቁስል እንደ ሆነ አያይም።

ይህ ሲባል ጸሐፊውን ለመንቀፍ አይደለም። ያን መጽሐፍ የጻፉት ሰው በኋላ ስም ያለው መከራ ደርሶባቸዋል፤ ከሀገራቸው ተሰደው በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ ሀገር ዐርፈዋል። ዐፅማቸውም ከነፃነት በኋላ ወደ ሀገሩ ተመልሶአል። በምሳሌ የጻፉትን በሕይወታቸው ጨረሱት ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ወዳጄ ልቤ»ን ዛሬ የሚያነብ ሰው ከመጽሐፉ ጋራ የጸሐፊውን ፍጻሜ አብሮ ማንበብ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ የምሳሌው መንገድ ባሕር ማዶ ድረስ የሚወስድ ሆኖ ያገኘዋል።

ከነፃነት በኋላ የአቡነ ጴጥሮስን ሞት ወደ ድርሰት ያመጡት ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ናቸው፤ የድርሰታቸውም ስም «የደም ድምፅ» ነው። ስሙ ብቻውን ትልቅ ትርጓሜ ነው፤ ከኦሪት ዘፍጥረት የአቤልን ደም ያስታውሳልና። ሰው ዝም ቢያሰኘው ደሙ ዝም አይልም፤ ምድር ብትውጠውም ድምፁ ወደ ሰማይ ይደርሳል። በዚህ ስም ደራሲው ትዕግሥት ዝምታ እንዳልሆነ በአንድ ምት ተናግረዋል። የሞተው ሰው አይከራከርም፤ ፍርዱን ለእግዚአብሔር ትቶአል፤ ነገር ግን የተተወው ፍርድ የጠፋ ፍርድ አይደለም።

ሆኖም የራስ ቢትወደድ መኰንን ብዕር በጠቅላላው ወደ ምክርና ወደ ተግሣጽ የሚያዘነብል ነው። የዓለምን ኃላፊነት፣ የክብርን ከንቱነት፣ የሞትን አይቀሬነት ደጋግመው ያስተምራሉ። እርሳቸውም በስደት የኖሩ፣ የመንግሥትንም ከፍተኛ ሥልጣን የያዙ ሰው ስለ ነበሩ የሁለቱንም ወገን ጣዕም ያውቃሉ። ነገር ግን ዓለም ኃላፊ ናት የሚለው ትምህርት በሰማዕት ላይ ሲነገር አንድ አደጋ አለው። ዓለም ከንቱ ብቻ ከሆነች ስለ እርስዋ መሞት ምን ይጠቅማል? አቡነ ጴጥሮስ የሞቱት ዓለምን ንቀው ብቻ አይደለም፤ ሕዝባቸውንና ምድራቸውን ወድደው ጭምር ነው። የናቁትን ነገር መተው ቀላል ነው፤ የወደዱትን ነገር ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥቶ መሄድ ግን ከባድ ነው። የትዕግሥት ክብሯም በዚህ በኋለኛው ይገኛል።

ይህን ክብደት ከሁሉ አብልጠው ያሳዩት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ናቸው። የሚያስደንቅ ነገር፣ እኒህ ደራሲ የተወለዱት አቡነ ጴጥሮስ በሞቱበት በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር 1928 ዓ.ም. ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በማለት የአቡኑን የመጨረሻ ሰዓት በተውኔትም በግጥምም ደረሱት። በዚህ ድርሰት ጳጳሱ በሐውልት ላይ እንደ ቆመ ሰው አይናገሩም። እመ ብርሃንን ይጣራሉ፤ ስለ ሀገራቸው ይሟገቷታል፤ የእረኝነታቸውን ዘመንና የልጅነታቸውን መንደር ያስታውሳሉ፤ ብቻቸውን መሆናቸውን፣ ፍርሃታቸውንም አይሸሽጉም፤ የሚጸኑበትንም ልብ ይለምናሉ።

በዚህ ነገር የሚያዝኑ ካህናት አሉ። ሰማዕት እንዴት ፈራሁ ይላል? እመቤታችንንስ እንዴት እንደ ተበዳይ ሆኖ ይጠይቃታል? ይህን የመሰለው ነገር የጻድቃንን ክብር ዝቅ ያደርጋል ይላሉ። ሐሳባቸው ከቅንዓተ ሃይማኖት የመጣ ስለ ሆነ በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። በገድል ልማድ ሰማዕቱ ወደ መከራው የሚሄደው ደስ እያለው ነው፤ ይህም ልማድ የራሱ ምክንያት አለው፤ ገድል የሚነበበው ለክብረ በዓል ነውና ፍጻሜውን ከመጀመሪያው ጋራ አስተባብሮ ያሳያል። የተውኔት ሥራ ግን ሌላ ነው። ተውኔት ሰውን የሚያሳየው ፍጻሜውን ገና ባላወቀበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ያለውን ሰው ፍርሃት እንደሌለበት አድርጎ መሣል ክብሩን መጨመር ሳይሆን መከራውን መቀነስ ይሆናል።

ደግሞም የጌታ የራሱ ነገር አለ። በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍለት የጸለየው፣ ላቡ እንደ ደም የወረደው፣ ከዚያም የአባቱን ፈቃድ የተቀበለው እርሱ ነው። ጭንቀቱ ከታዛዥነቱ ምንም አልቀነሰም፤ እንዲያውም መታዘዙ ምን ያህል እንደ ከበደ የታወቀው በጭንቀቱ ነው። ስለዚህ የጸጋዬን ጴጥሮስ የሚነቅፍ ሰው የኢዮብንና የጌቴሴማኒን ነገር አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ፈርቶ የቆመ ሰው፣ ሳይፈራ ከቆመው ይልቅ ለሚፈራው አንባቢ ቅርብ ነው። ሰማዕትም ለትውልድ የሚጠቅመው የሚደነቅ ብቻ ሳይሆን የሚከተሉት ሲሆን ነው።

ጉድለቱ በሌላ በኩል ነው። ድርሰቱ ስሙ እንደሚናገረው ስለ «ያቺ ሰዓት» ነው። አንዲት ሰዓት ግን ብቻዋን አትመጣም። በአደባባይ የተባለችው አንዲት እምቢታ በብዙ ዓመት ትምህርት፣ በጾም፣ በስግደት፣ በማስተማር የተከማቸች ናት። በልጅነት በቅኔ ቤት ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ እየነከሰው የተማረ ተማሪ ትዕግሥትን የሚማረው ከመምህሩ ቃል ብቻ አይደለም፤ ከረኃቡም ነው። ይህ ረጅሙና ጸጥ ያለው የትዕግሥት ዘመን በተውኔት ላይ ለማሳየት ያስቸግራል፤ ጥይት የለበትም፤ ተመልካችም የለበትም። ሆኖም ሳይጻፍ ከቀረ አንባቢው ጽናትን በአንድ ጊዜ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አድርጎ ይወስደዋል፤ በየዕለቱም መዘጋጀትን ይተዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ያልተጻፈ ነገር አለ። በ1921 ዓ.ም. ከአቡነ ጴጥሮስ ጋራ በአንድነት ከተሾሙት ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አቡነ አብርሃም በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከእስክንድርያ ለይተው ላቋቋሙት አመራር አለቃ መሆንን ተቀበሉ፤ የእስክንድርያም ሲኖዶስ አወገዛቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ መንበር ፊት ተንበርክከው አንድ ቃል ገብተው ነበር፤ በመከራ ጊዜ ግን ሁለት መንገድ ሄዱ። የልባቸውን ሐሳብ መመርመር የእግዚአብሔር እንጂ የሰው አይደለም። ደራሲ ግን የሚያስፈልገው ይህን የመሰለው ስፍራ ነው። የተሸነፈው ሰው ለራሱ ምን ይለው ነበር? መንጋውን ላድን ብዬ ነው ይል ይሆን? ለሹማምንት መታዘዝ ይገባል የሚለውን ትምህርት መጠጊያ አድርጎት ይሆን? ትዕግሥትና ዝምታ በአንድ ስም የሚጠሩበት አደገኛው ቦታ ይህ ነው፤ የአማርኛ ድርሰት ግን ድል የነሣውን ሲያወድስ፣ የወደቀውን አይቶ መማርን ችላ ብሎአል። ወንጌል የጴጥሮስ ሐዋርያን ክሕደት ሳይሸሽግ ጽፎአል፤ ዶሮ ሲጮህ ማልቀሱንም ጽፎአል። ታላቅነቱም ከዚያ አልቀነሰም።

የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ነገርም እንዲሁ ደራሲውን ይጠብቃል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ገዳሙ ተከሰሰ፤ ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓል ለማክበር የመጣው ሕዝብ ገና ሳይበተን ወታደሮች ከበቡት። ግራዚያኒ ወደ ሮም ባስተላለፈው ወሬ መሠረት በላጋ ወልዴ 297 መነኰሳት፣ በኋላም በእንግጫ 129 ዲያቆናት ተገድለዋል፤ ነገሩን ብዙ ዓመት የመረመሩት ኢያን ካምቤል የተባሉት እንግሊዛዊ በ2014 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ የሟቾቹን ቍጥር ከ1,800 እስከ 2,200 አድርሰውታል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ስማቸው እንኳ አልተጻፈም። ንግግር አላደረጉም። በሻሽ ተሸፍነው ወደ ሰማይ የሄዱት ሳይታወቁ ነው። ታላቁን ሰው በግጥም ማንሣት መልካም ነው፤ ስም የለሹን መነኵሴ ማንሣት ግን ከደራሲ የበለጠ ፍቅር ይጠይቃል።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በአዲስ አበባ ለባቡር መንገድ ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሶአል። ድንጋይ ሊነሣና ሊመለስ ይችላል። ከሕዝብ ልብ የተነሣ ትርጓሜ ግን በቀላሉ አይመለስም። አቡነ ጴጥሮስን «ታጋሽ አባት» ብሎ ብቻ ማስታወስ እምቢታቸውን ያስረሳል፤ «ጀግና አርበኛ» ብሎ ብቻ ማስታወስ ደግሞ ጸሎታቸውን ያስረሳል። ሁለቱን ለይቶ ሳይሆን አስተባብሮ መጻፍ ነው ከመጪው ደራሲ የሚጠበቀው።

ዛሬም በመዲናዪቱ ዙሪያ በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገዳዲ የሚኖረው ሰው ክፉ ቀንን አያጣም። የኑሮ ውድነት አለ፤ የቤት ችግር አለ፤ ፍርድ የሚጠብቅ፣ ከበሽታ የሚታገል፣ ከሩቅ ሀገር የልጁን ድምፅ የሚናፍቅ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው «ታገሥ» ብሎ የሚያሰናብት ካህንም ሆነ ጸሐፊ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይህን የምለው ለሰውዬው መጽናኛ እንዲሆነው ነውን፣ ወይስ ልቅሶውን ላለመስማት ነው? የኢዮብ ወዳጆች በመጀመሪያ ሰባት ቀን ከእርሱ ጋራ በመሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ያን ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ። የተሳሳቱት ልቅሶውን ሊያርሙ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው።

በለገዳዲና በቡራዩ አጠገብ ባለው በገፈርሳ ውሃ ተገድቦ ይታያል። የክረምቱ ዝናም እንዲሁ ቢለቀቅ ጎርፍ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ መውጫ ሳይኖረው ቢታገድ ደግሞ ረግረግ ይሆን ነበር። ግድብ ግን ውሃውን የሚይዘው በበጋ ለሚጠማው እንዲደርስለት ነው። የእግዚአብሔር ሰው ትዕግሥትም እንዲህ ናት፤ ቍጣውንም እንባውንም ትይዘዋለች፤ የምትይዘው ግን በውስጥዋ እንዲሸት አይደለም፤ በጊዜው ለወንድሙ እንዲጠቅም ነው። አቡነ ጴጥሮስ በብዙ ዓመት ያከማቹትን በአንዲት ሰዓት ለቀቁት፤ ከዚያ የጠጣ ትውልድም አምስት ዓመት ሙሉ በየበረሃው ጸንቶ ቆመ። ስለ እርሳቸው የሚጻፍ ድርሰት ሁሉ የሚመዘነው ከዚያ ውሃ ለአንባቢው ምን ያህል እንዳቀዳለት ነው።